እቁብና እድር፤ አንድ አውራጃ ተባብሮ በዕውቀት ስለሚያድግበት መንገድ

(ለተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ የተደረገ ንግግር)




የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች እንድናገርበት የሰጡኝ ርእስ «አውራጃዎች ተባብረው በአዲስ ፈጠራ ላይ የተመሠረተ የሀብት ዕድገት ያገኙ ዘንድ እንዴት ይረዳሉ?» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው። ሰፊ ርእስ ደግሞ ለተናጋሪ ይመቻል እንጂ ለሰሚ አይመችም፤ ተናጋሪው እንደ ልቡ ይዞርበታል፥ ሰሚው ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ በእጁ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ስለ ዓለም ሁሉ መናገሩን ትቼ አንድ አገር፥ ከዚያም አገር አንድ አውራጃ መርጬ የዚያ አውራጃ ሰዎች የሠሩትን ሥራ ልነግራችሁ አስቤአለሁ። አገሩ የተባበሩት አሜሪካ፥ ስቴቱ ኖርዝ ካሮላይና፥ ሥራውም «የምርምር ሦስት ማዕዘን» ተብሎ የሚጠራው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ይህን ታሪክ የመረጥሁት አሜሪካኖች ስለ ሠሩት አይደለም። የመረጥሁት ነገሩ የጀመረው እኛን ተማሪዎችን በሚመለከት ጥያቄ ስለሆነ ነው። ጥያቄውም፥ «ሕዝቡ በግብሩ ያስተማራቸው ልጆች ተመርቀው ወዴት ይሄዳሉ?» የሚል ነበር።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ኖርዝ ካሮላይና በነፍስ ወከፍ ገቢ ከአሜሪካ ስቴቶች ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነበረች። ሕዝቧ የሚኖረው በሦስት ነገር ነበር፤ በትምባሆ፥ በጨርቃ ጨርቅና በቤት ዕቃ ሥራ። እንደምታዩት ፋብሪካ አልጠፋም፤ እንዲያውም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሞልቶ ነበር። የጠፋው ዕውቀት የሚጠይቅና ደኅና ደመወዝ የሚከፍል ሥራ ነው። ፋብሪካ መኖር ብቻውን ሀብት አለመሆኑን ከዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል።

በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው ስቴት መካከል ሦስት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። በደርሃም ከተማ የግል የሆነው ዱክ ዩኒቨርሲቲ፥ በቻፕል ሂል ከ1795 ጀምሮ ተማሪ ሲቀበል የኖረው የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ፥ በራሌይ ከተማ ደግሞ እርሻና ምሕንድስና የሚያስተምረው የስቴቱ ኮሌጅ ይገኙ ነበር። ሦስቱን በመስመር ቢያገናኙአቸው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ስሙም የመጣው ከዚህ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና ለመድረስ አንድ ሰዓት አይሞላም። እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ኬሚስቶችንና መሐንዲሶችን ያስመርቃሉ፤ ተመራቂዎቹም ዲፕሎማቸውን እንደ ያዙ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ስቴት ይሄዳሉ። የትምባሆ ገበሬውና የፈትል ሠራተኛው ባወጡት ገንዘብ የተማረው ልጅ የሚያገለግለው ቀድሞውንም ሀብታም የሆነውን አውራጃ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ለመለወጥ ይቻላል ብለው ነገሩን መጀመሪያ ካነሡት ሰዎች አንዱ ሮሚዮ ጌስት የተባሉ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ናቸው። በማሳቹሴትስ፥ በቦስተን ከተማ ዙሪያ፥ በዩኒቨርሲቲዎቹ አጠገብ የምርምር ላቦራቶሪዎችና አዳዲስ ፋብሪካዎች እንደ በቀሉ ያውቁ ነበርና «በእኛስ አገር ስለ ምን አይሆንም?» ብለው ጠየቁ። ላቦራቶሪ ሲሠራ ለሕንፃ ሠሪ ሥራ እንደሚገኝ የታወቀ ስለሆነ የሰውዬው ሐሳብ የአገር ፍቅር ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። ይህ ግን የሚያስነውር አይደለም፤ የራሱን ጥቅም ከጎረቤቱ ጥቅም ጋር አንድ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ጥሩ የሥራ ጓደኛ ይሆናል።

ሐሳቡ ወደ አገረ ገዥው ወደ ሉተር ሆጅስ ደረሰ። ሆጅስ ቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የነበሩ ሰው ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎችን፥ ባንኮችንና የኢንዱስትሪ ሰዎችን ሰብስበው ከ1955 ጀምሮ ነገሩን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋሙ። በ1956 የኮሚቴው ዋና ሹም ሆነው የተመረጡት ጆርጅ ሲምፕሰን በቻፕል ሂል የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ነበሩ። እሳቸውም ከሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራንን መርጠው የዩኒቨርሲቲዎቹን ዕውቀት ለኩባንያዎች እንዲያስረዱ ላኩአቸው። የኬሚስትሪና የምሕንድስና ፕሮፌሰሮች ቦርሳቸውን ይዘው እንደ ንግድ ወኪል በየኩባንያው ደጅ ዞሩ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሥራ ለፕሮፌሰር የሚገባ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

እቁቡ ያልሆነው ለምንድን ነው?

አሁን የዚህ ንግግር ዋና ፍሬ ወደሆነው ነገር ደርሻለሁ።

መሬት ማስፈለጉ ግልጽ ነበር። በ1957 በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የበለጸጉ ካርል ሮቢንስ የተባሉ ባለ ሀብት ገንዘብ ለማውጣት ተስማሙና፥ በሦስቱ ከተሞች መካከል የጥድ ዛፍ የበቀለበት ጭንጫ መሬት መገዛት ጀመረ። ይህ መሬት በኋላ ወደ 4,000 ኤከር ደረሰ፤ በእኛ ልክ 40 ጋሻ ያህል ነው። ዕቅዱ እንደ ማናቸውም የንግድ ሥራ ነበር። ኩባንያ ይቋቋማል፤ አክሲዮን ይሸጣል፤ መሬቱ ለላቦራቶሪዎች ሲሸጥ ባለ አክሲዮኖቹ ትርፍ ይካፈላሉ።

ነገር ግን አክሲዮኑን የሚገዛ ጠፋ። በ1958 ሥራው ሊቆም ተቃረበ።

በዚህ ጊዜ አርቺ ዴቪስ የተባሉ የዋኮቪያ ባንክ ትልቅ ሹም አክሲዮኑን እንዲሸጡ ተጠየቁ። እሳቸው ግን ነገሩን ከመሠረቱ መርምረው መልሱን ገለበጡት። ይህ ሥራ የሚጠቅመው ስቴቱን በሙሉ ከሆነ ትርፍ ለሚፈልግ ሰው አክሲዮን መሸጥ የለብንም፤ ትርፍ ለማይጠብቅ ሰው ስጦታ እንዲሰጥ መንገር ይገባናል ብለው አሳቡ። ከዚያ በኋላ በየከተማው እየዞሩ ባለ ባንኩን፥ ባለ ፋብሪካውንና ነጋዴውን ጠየቁ። አክሲዮን ለመግዛት እጁን የሰበሰበ ሕዝብ ስጦታ ሲባል እጁን ዘረጋ። በጥር 1959 የተሰበሰበው ገንዘብ 1,425,000 ዶላር መሆኑ ተገለጸ። የታሰበው ከዚህ ያነሰ ነበር።

በዚህ ገንዘብ መሬቱ ከሮቢንስ ኩባንያ ተገዛና ትርፍ ለማይካፈል «የምርምር ሦስት ማዕዘን ፋውንዴሽን» ለተባለ ድርጅት ተላለፈ። ከዚሁ ገንዘብ ከፊሉ ደግሞ ሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች በኅብረት የሚቆጣጠሩት፥ ራሱን የቻለ የምርምር ተቋም ለማቋቋም ዋለ።

ጓደኞቼ፤ ይህን ነገር በእኛ አገር ልማድ ብንተረጕመው ሚስተር ዴቪስ ያደረጉት እቁቡን ወደ እድር መለወጥ ነው። እቁብ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን እቁብተኛው የሚጠይቀው «ዕጣው መቼ ይደርሰኛል?» ብሎ ነው። እድርተኛው ግን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ያዋጣው ገንዘብ የእርሱም የጎረቤቱም ነው፤ ድንኳኑና ወንበሩ የማንም የግል ንብረት ስላልሆኑ ሁሉም ይጠብቃቸዋል። ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች፥ ሦስት ከተሞች፥ ብዙ ባንኮችና ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው ተቀናቃኞች ናቸው። መሬቱ የአንዳቸው ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ ይሸሹ ነበር። የማንኛቸውም ባልሆነ የጋራ ነገር ላይ ግን ሊገናኙ ቻሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የጋራው ነገር መሬት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ኮምፒዩተር እጅግ ውድ ዕቃ በነበረበት ጊዜ ሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች በዚያው መሬት ላይ አንድ የጋራ የኮምፒዩተር ማዕከል አቋቁመው በጋራ ሠሩበት። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሊገዙ የማይችሉትን ዓይነት መሣሪያ በኅብረት አገኙት።

የጥበቃው ዘመን

ወሬው እስከዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የተረት ያህል ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን መሬቱ ከተገዛ በኋላ ብዙ ዓመት ጥዱ ጥድ ሆኖ ቆየ። ኬምስትራንድ የተባለ ሰው ሠራሽ ፈትል የሚሠራ ኩባንያ በ1959 ላቦራቶሪውን ወደዚያ እንደሚያመጣ ቢያስታውቅም፥ ከእርሱ በኋላ የመጡት ጥቂቶች ነበሩ። ዕዳ ነበር፤ ሐሜትም አልቀረ ይሆናል። አክሲዮን የተሸጠ ቢሆን ኖሮ ባለ አክሲዮኖቹ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት መሬቱን ለመጋዘንና ለተራ ፋብሪካ ሸጠው ገንዘባቸውን ያነሡ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። የእድር ገንዘብ በመሆኑ ግን ታገሠ።

በ1965 ሁለት ነገሮች ሆኑ። በዓመቱ መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት አካባቢ በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጕዳት የሚመረምረው ብሔራዊ ተቋሙ በዚያ እንደሚሠራ ተገለጸ፤ ፋውንዴሽኑም ለዚህ መሬት በነጻ ሰጠ። በጥቂት ወር ውስጥ ደግሞ አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ታላቅ የኮምፒዩተር ኩባንያ በ400 ኤከር ላይ ሥራ እንደሚጀምር አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በሩ ተከፈተ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፥ ዛሬ ይህ ስፍራ ወደ 7,000 ኤከር ሰፍቶ ከ300 የሚበልጡ ድርጅቶች ይሠሩበታል።

ከዚህ የተገኘውን ፍሬ በሁለት ምሳሌ ላሳያችሁ። ዛሬ በሱቅ ዕቃ ላይ የምታዩትን፥ ጥቋቁርና ነጫጭ መስመሮች የተደረደሩበትን የዕቃ መለያ ምልክት የነደፉት ጆርጅ ሎረር የተባሉ በዚያ የሚሠሩ የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ ናቸው፤ በ1974 በኦሃዮ አንድ መደብር መጀመሪያ ተሠራበት። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። በዩኒቨርሲቲዎቹ የጋራ ተቋም የሚሠሩ ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ከአንድ የዛፍ ልጥ ታክሶል የተባለውን መድኃኒት አግኝተው ምን ዓይነት እንደ ሆነ በ1971 ገለጹ። መድኃኒቱ ለማኅፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰር ሕክምና በአሜሪካ የተፈቀደው በ1992 ነው። ከግኝቱ እስከ ሕመምተኛው ድረስ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። ዛሬ ዘርቶ ነገ ማጨድ የሚሻ ሰው ወደ ምርምር ባይገባ ይሻለዋል።

ከመምህራን መካከል «ዩኒቨርሲቲ የኩባንያ ሎሌ መሆን አለበትን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። በዚያ የተገኘው መፍትሔ ይህ ነው። ለኩባንያና ለመንግሥት በውል የሚሠራው ምርምር የሚካሄደው በተለየው ተቋም ውስጥ ነበርና ዩኒቨርሲቲዎቹ የማስተማር ሥራቸውን ለውል ሥራ አልለወጡም። መተባበርና መቀላቀል አንድ አይደሉም።

ያልተጠሩት

ይሁን እንጂ አሁን የተናገርሁት የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ትቼ ብሄድ እናንተም እውነቱን ባለመስማታችሁ ትጐዳላችሁ።

የሦስት ማዕዘኑ አንዱ ጫፍ በሆነው በደርሃም ከተማ በ1910 የተመሠረተ የጥቁር ሕዝብ ኮሌጅ ነበር፤ ዛሬ ኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል ዩኒቨርሲቲ ይባላል። በራሌይ ከተማም ሾው ዩኒቨርሲቲ የተባለ በ1865 የተቋቋመ የጥቁር ሕዝብ ትምህርት ቤት አለ። ማዕዘኖቹ ሲቈጠሩ ግን እነዚህ አልተቈጠሩም። ጊዜው የዘር መለያየት ሕግ የጸናበት ነበር፤ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማሩ ጥቁር ተማሪዎችን የተቀበለው በ1963 ነው። ስለዚህ ያ ታላቅ የእድር ገንዘብ ሲሰበሰብ በከተማው ውስጥ የሚኖር ብዙ ሕዝብ እድርተኛ አልነበረም።

ተማሪዎች ግን ዝም አላሉም። በየካቲት 1960፥ ማለት ገንዘቡ ከተሰበሰበ አንድ ዓመት በኋላ፥ በዚያው ስቴት በግሪንስቦሮ ከተማ አራት ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለለ የምግብ መደርደሪያ ፊት ተቀምጠው አንነሣም አሉ። ነገሩ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ። በሚያዝያ 1960 ደግሞ በሾው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከብዙ ቦታ ተሰብስበው የኀይል ሥራ የሌለበትን የተማሪዎች እንቅስቃሴ የሚያስተባብር ኮሚቴ መሠረቱ። በአንድ ስቴት፥ በአንድ ዘመን፥ ሹማምንቱ የምርምር ሦስት ማዕዘን ሲሠሩ ተማሪዎቹ ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር። እኔ እንደማየው የአውራጃው ዕድገት የሁለቱም ሥራ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል ዛሬ የሚታየው ዕድገት ባልተገኘም ነበር።

ያልተጠሩ ሌሎችም ነበሩ። እነዚህም የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ናቸው። ሦስት ማዕዘኑ ሲያብብ በቀሩት የስቴቱ አውራጃዎች ያሉ የፈትል ፋብሪካዎች እንደ ቀድሞው ቀጠሉ። በኋላ ግን ርካሽ ጨርቅ ከውጭ አገር ሲገባ አንድ በአንድ ተዘጉ። በሐምሌ 2003 ፒሎቴክስ የተባለው ኩባንያ ሲዘጋ በካናፖሊስ ከተማና በዙሪያዋ ከ4,000 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሥራቸውን አጡ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ዕድሜአቸውን በሙሉ በዚያ ፋብሪካ ያሳለፉ ነበሩ። በኋላ በፋብሪካው ፍርስራሽ ላይ የምርምር ሕንፃዎች ተሠሩ፤ ነገር ግን ለ30 ዓመት ፎጣ ስትሠራ የኖረች ሴት ሕንፃ ስለ ተሠራ ብቻ የላቦራቶሪ ሠራተኛ አትሆንም። በመካከል ትምህርት ያስፈልጋል። ስቴቱ በ1963 በሕግ ያቋቋማቸው፥ ለሠራተኛው ሕዝብ ቅርብ የሆኑ የሕዝብ ኮሌጆች ከታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያላነሰ ዋጋ ያላቸው ስለዚህ ነው።

ዛሬ ይህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከ2012 ጀምሮ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ የአውራጃ ቡድኖችን ያሠለጥናል። በየቡድኑ አምስት ወገኖች እንዲወከሉ ይጠይቃል፤ እነዚህም ዩኒቨርሲቲ፥ መንግሥት፥ ትልልቅ ኩባንያዎች፥ ገንዘባቸውን ለአዲስ ሥራ የሚያውሉ ባለ ገንዘቦችና አዲስ ድርጅት የሚመሠርቱ ሰዎች ናቸው። ይህ አከፋፈል ጥሩ ነው፤ ከኖርዝ ካሮላይና ታሪክ ግን ስድስተኛ ወንበር እንደሚያስፈልግ እንማራለን። ስድስተኛው ወንበር ለውጡ ሲመጣ ሥራው የሚለወጥበት ሰው፥ ማለት የሠራተኛውና የገበሬው ነው። ማዕድ ሲቀርብ ያልተጠራ ሰው ዕዳ ሲከፈል አይጠፋም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይነግረናል? በራሌይ የሚገኘው የእርሻና የምሕንድስና ኮሌጅ በአሜሪካ «የመሬት ስጦታ» ከሚባሉት ኮሌጆች አንዱ ነው። የእነዚህ ኮሌጆች ደንብ ማስተማር፥ መመራመርና ምርምሩን ወደ ገበሬው ማድረስ የሚሉት ሦስት ሥራዎች አይለያዩም የሚል ነው። ይህ ደንብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በኦክላሆማ ሰዎች ረዳትነት ሲቋቋም የተመሠረተው በዚሁ ደንብ ላይ ነበር። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ1973 የተመረቁት ከዚያ ኮሌጅ ነው። በኋላ አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማግኘታቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀብለዋል። ማሽላና አቀንጭራ የሐረርጌ ገበሬ ችግር ናቸው፤ የዓለም ሳይንስ የሆነው ይኸው የገበሬው ችግር ነው።

ሁለተኛም ትዝታ አለን። በ1964 በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ያዝ ነበር። ተማሪው ያስተማረውን ያህል የአገሩን ሰው ኑሮ በዐይኑ አይቶ ተምሯል።

ሦስተኛው ምሳሌ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለብዙ ሺህ ወጣቶች፥ በተለይም ለሴቶች፥ ሥራ አስገኝቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በ2021 መጨረሻ አሜሪካ የሰጠችውን ከቀረጥ ነጻ የመሸጥ ዕድል እንደምታቋርጥ ባስታወቀች ጊዜ፥ የፓርኩ ምሰሶ የነበረው ፒ.ቪ.ኤች. የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ፋብሪካውን ዘጋ። ከውጭ የመጣ እንግዳ መምጣቱ መልካም ነው፤ በእንግዳ ላይ ብቻ የቆመ ቤት ግን እንግዳው ሲነሣ ይናጋል። የአውራጃው የራሱ ዕውቀት፥ የራሱ ገንዘብና የራሱ አዲስ ድርጅት ከሌለ ፋብሪካ ኪራይ ቤት ነው።

ዛሬ በአገራችን ከ40 የሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ አሉ። ሕንፃው ተሠርቷል፤ ተማሪው ገብቷል። ጥያቄው አሁንም በ1950ዎቹ በኖርዝ ካሮላይና የነበረው ጥያቄ ነው፤ ተመራቂው ወዴት ይሄዳል? «ወደ አዲስ አበባ፤ ከዚያም ወደ ውጭ አገር» የምንል ከሆነ አውራጃው ለሌላው የሚያሳድግ ሞግዚት ሆኖ ይቀራል።

የተማሪዎች ማኅበር ሚሊዮን ዶላር ሊሰበስብ አይችልም። ሊያደርጋቸው የሚችሉ ሦስት ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛ፤ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ርእስ ከመጽሐፍ ብቻ አንምረጥ። በየዓመቱ ከወፍጮ ቤት፥ ከቆዳ ፋቂ፥ ከሸማኔ፥ ከቡና አጣቢ፥ ከጤና ጣቢያና ከገበሬ ማኅበር ችግራቸውን ጠይቀን በመዝገብ እንጻፍ። መዝገቡም በየትምህርት ክፍሉ ይቀመጥ፤ ተማሪው ከዚያ ይምረጥ፤ የተገኘውንም መልስ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ጽፎ ለጠየቀው ሰው ይመልስ።

ሁለተኛ፤ ጎረቤት የሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን ውድ መሣሪያ በየግቢያቸው ገዝተው አቧራ ከሚያለብሱት በጋራ ገዝተው በተራ እንዲሠሩበት በስብሰባዎቻችን እንጠይቅ። ሦስቱ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ኮምፒዩተር መሥራታቸው ክብራቸውን አልቀነሰባቸውም።

ሦስተኛ፤ በዓመት አንድ ቀን መምህሩን፥ ነጋዴውን፥ የባንክ ሹሙን፥ የቀበሌ ሹሙን፥ አንጥረኛውንና ገበሬውን በአንድ አዳራሽ እናስቀምጥ። ባላገሩ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ይቀመጥ፤ መጀመሪያም እርሱ ይናገር። ጥሪውን ስንጽፍ ደግሞ «ያልጠራነው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ።

እንዲህ ያለው ሥራ ዋጋው የሚታየው እኛ ከዚህ ግቢ ከወጣን በኋላ ይሆናል። በ1959 ገንዘባቸውን የሰጡት ሰዎችም ጥዱ ወደ ላቦራቶሪ ሲለወጥ ሳያዩ የሞቱ ይኖሩባቸዋል። ያዋጡት ግን እቁብ አልነበረምና ዕጣው አልደረሰንም ብለው የሚያዝኑበት ምክንያት አልነበረም።

አሁን ጊዜው የጥያቄና የክርክር ነው። በተለይ በሦስተኛው ነጥብ የማትስማሙ ካላችሁ ተነሥታችሁ ብትናገሩ ደስ ይለኛል።